አኩሪ አተር በበቆሎ አገዳ ላይ፦ መሬቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ማረስ ግድ ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «መሬቴ በረዶ ለወራት የሚተኛበት ነው። በረዶው ከቀለጠ በኋላም አፈሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ከባድ ሸክላ ነው። አምና አብዛኛው ማሳ ላይ በቆሎ ነበር፣ በሄክታር 10 ቶን ገደማ ሰጠኝ። በቀረው ላይ ስንዴ ነበር። ዘንድሮ ሁለቱም ላይ አኩሪ አተር ልዘራ አስቤያለሁ። ችግሬ አገዳው ነው። መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ጎረቤቶቼ ‹ካልገለበጥከው አፈሩ አይሞቅም፣ ዘሩ ይበሰብሳል› ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ ‹አትንካው፣ እላዩ ላይ ዝራ› ይላሉ። ማንን ልስማ?»

ሁለቱንም ይስሙ፣ ገልባጩን ማረሻ ግን ባለበት ይተዉት። ለአኩሪ አተር ብሎ ማሳውን በሙሉ ገልብጦ ማረስ አብዛኛውን ጊዜ የነዳጁን እንኳ አይመልስም። በቆሎ፣ ስንዴና አኩሪ አተር ከሚፈራረቁበት ማሳ ውስጥ ያለ እርሻ መዘራትን በደንብ የሚችለው አኩሪ አተር ነው። በበቆሎ አገዳ ላይ በድጋሚ በቆሎ ልዝራ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር።

ይሁንና ጎረቤቶችዎ ባዶ ወሬ አላወሩም። ወፍራም ቅሪት የለበሰ አፈር በእርግጥም ይቀዘቅዛል። ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዘር በሚገባበት ጥልቀት ቢለኩ በተሸፈነውና ባዶ በሆነው መሬት መካከል ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ማግኘት የተለመደ ነው። ለአኩሪ አተር ይህ ቀላል አይደለም። ጥያቄው ቅዝቃዜው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ደረቅ አገዳ ነጣ ያለ ነው፤ ብርሃኑን ይመልሰዋል። ጥቁር አፈር ግን ይውጠዋል። አገዳው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይወርድም ይከላከላል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስበው ውሃውን ነው። አገዳው ትነትን ስለሚያዘገይ ከስሩ ያለው አፈር ረጥቦ ይቆያል። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ደረቅ አፈርን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ትነቱማ የባሰ ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን የሚፈጀው ሙቀት፣ የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር በ15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊያሞቅ የሚችል ነው። ፀሐዪቱ ጉልበቷን የምትጨርሰው ውሃውን በማትነን ነው ማለት ነው። አፈሩ እስኪጠነፍፍ ድረስ አይሞቅም፣ ቢታረስም ባይታረስም።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ አገዳው ሳይሆን «ከባድ ሸክላ ነው» ያሉት ነገር ነው። ውሃ የሚተኛበት ጥግ ካለ፣ በየዓመቱ ለማረሻ የሚያወጡትን ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ማጠንፈፊያ ቢያውሉት ይሻልዎታል። ከመሬት በታች ቱቦ መቅበር ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ውሃው የሚወርድበት አንድ ቦይ እንኳ ብዙ ይለውጣል። የተጠነፈፈ ሸክላ አገዳ ተሸክሞ ይሞቃል። ያልተጠነፈፈው ተገልብጦም ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ላይ ጓሉ ይጨመራል።

አሁን ወደ ዘሩ እንሂድ። አኩሪ አተር ለመብቀል የክብደቱን ግማሽ ያህል ውሃ መጠጣት አለበት። በቆሎ ሲሶው ይበቃዋል። አደጋው ያለው የመጀመሪያው ውሃ ላይ ነው። ዘሩ በተዘራ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ ቢበዛ በ48 ሰዓታት ውስጥ የሚጠጣው ውሃ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ የሴሎቹ ሽፋን በቅጡ ሳይዘረጋ ይጎዳል። ያ ዘር በኋላ ፀሐይ ቢወጣለትም አይድንም፤ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ሰንካላ ሆኖ ይወጣል። ውሃውን ጠጥቶ ካበቃ በኋላ የሚመጣ ቅዝቃዜ ግን ያዘገየዋል እንጂ እንደዚያ አይገድለውም። የአፈሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲደርስ መዝራት ይቻላል የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ከ10ሩ ዲግሪ ይልቅ የሚቀጥሉትን ሁለት ቀናት አያለሁ። አፈሩ 10 ዲግሪ ሆኖ ነገ ቀዝቃዛ ዝናብ ከመጣ አልዘራም። 9 ሆኖ የሁለት ቀን ፀሐይ ከተተነበየ ዘሬን እጭናለሁ።

ቴርሞሜትር ይግዙ። የወጥ ቤቱ የሥጋ ሙቀት መለኪያ እንኳ ይሠራል። ዘሩ በሚገባበት ጥልቀት፣ ጠዋት፣ ከአገዳው ስር ይለኩ። ባዶው ቦታ ላይ ለክቶ «10 ገብቷል» ማለት ራስን መሸወድ ነው። የተሸፈነው ማሳ ከባዶው ጥቂት ቀናት ሊዘገይ ይችላል። ይዘግይ። በቀዝቃዛ አገር ሰው የሚፈራው እነዚህ ቀናት መጨረሻ ላይ ሰብሉን ለውርጭ እንዳያጋልጡት ነው። አኩሪ አተር ግን የሚያብበው የቀኑን ርዝመት ተከትሎ ስለሆነ የዘገየውን በከፊል ያካክሳል። በተለምዶ የሚያዝ ስሌት አለ፤ በመዝራት ሦስት ቀን ቢዘገዩ በመድረስ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚዘገየው። ለአካባቢዎ የሚሆን ቶሎ ደራሽ ዝርያ ከመረጡ፣ ማለትም 000፣ 00 ወይም 0 ከተባሉት ምድቦች ለእርስዎ የሚስማማውን፣ ሁለት ሦስት ቀን አያስጨንቅም። የአሜሪካዋን ሰሜን ዳኮታና የካናዳዋን ማኒቶባ በመሰሉ ቦታዎች አኩሪ አተር የሚበቅለው በእነዚህ ዝርያዎች ነው።

አኩሪ አተር ከበቆሎ ይልቅ አገዳውን የሚችልበት ሌላም ምክንያት አለ። በቆሎ ቡቃያው ከሳሳ ሳሳ ነው፤ የቀረውን ቦታ የሚሞላው የለም። አኩሪ አተር ግን ጎረቤቱ ሲጠፋ ቅርንጫፍ አውጥቶ ቦታውን ይይዛል። የናይትሮጅኑ ነገርም አለ። የበቆሎ አገዳ ካርቦንና ናይትሮጅን 60 ለ1 ገደማ ነው፣ የስንዴ ገለባ ደግሞ ወደ 80 ለ1። አፈር ውስጥ ያሉ ተዋህስያን የሚመቻቸው ወደ 24 ለ1 ሲሆን ነው። ስለዚህ አገዳ ሲበሰብስ የጎደለውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይስባሉ። በቆሎ በዚህ ይራባል፣ ቢጫ ይሆናል። አኩሪ አተር ግን ስሩ ላይ ባሉ እብጠቶች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅኑን ከአየር ስለሚሠራ ብዙም አይሰማውም። እንዲያውም አፈሩ ውስጥ ናይትሬት፣ ማለትም ተክል የሚስበው ናይትሮጅን፣ ሲያንስ እብጠቶቹን ቶሎ ያወጣል፤ አረሙም ቀለቡን ያጣል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። የአገዳ አያያዝ የሚጀምረው ዘር ሲዘራ አይደለም። ኮምባይነሩ ማሳው ውስጥ በገባበት ቀን ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ጠራኝ። «መዝሪያዬ ተበላሽቷል፣ ዘር ይዘላል» አለኝ። ሄድኩ። ቡቃያው ለዓይን ደስ የሚል ሆኖ በየ12 ሜትሩ ግን ሦስት አራት መስመር ያህል የሳሳ ቀበቶ ነበረው። ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ብሎ። መዝሪያው ሰፊ አልነበረም፣ 12 ሜትር አይሞላም። ታዲያ የ12 ሜትር ነገር ከየት መጣ? ተንበርክኬ የሳሳውን ቦታ በእጄ ገለጥኩት። ከላይ ገለባ፣ ከስሩ እንደ ጭድ የደቀቀ እብቅ፣ ከእብቁ ስር ደግሞ የሚያጣብቅ ቀዝቃዛ ጭቃ። ዘሮቹ እዚያው አሉ። አንዳንዶቹ አብጠው ቀርተዋል፣ አንዳንዶቹ ገና ማጎንቆል መጀመራቸው ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ስሄድ ቡቃያው ሁለት ቅጠል አውጥቷል። የኮምባይነሩ ማጨጃ 12 ሜትር ይሰፋል፤ ከኋላ የሚበትነው ግን ከዚያ በጣም ጠባብ ነበር። የ12 ሜትሩ እብቅ ሁሉ ኮምባይነሩ ያለፈበት ላይ ተከምሯል። መዝሪያው ምንም አልሆነም። ችግሩ የተዘራው ከሰባት ወር በፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አገዳ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ «ኮምባይነርህ እስከ ምን ድረስ ይበትናል?» ነው የምለው። መበተኛው የማጨጃውን ስፋት ሙሉ መድረስ አለበት። አገዳው ብቻ ሳይሆን እብቁም ጭምር፣ ምክንያቱም ክፉው እብቁ ነው። በደንብ የተበተነ ወፍራም ሽፋን፣ ካልተበተነ ቀጭን ሽፋን ይሻላል። ወጥ ሲሆን አፈሩም እኩል ይሞቃል፣ እኩል ይደርቃል፤ ለመዝሪያውም አንድ ጥልቀት ይበቃዋል። ዘንድሮ ይህን ማስተካከል አልፏል፤ ማሳውን ግን አሁን ዞረው ይዩት። ክምር ካለ፣ ደረቅና ሞቃት ከሰዓት በኋላ ላይ መበተኛ መከስከሻ በሰያፍ ቢያልፍበት ይበተናል። እርጥብ ገለባ አይበተንም፣ ይጎተታል እንጂ።

አገዳውን አድቅቆ መፍጨት ጥሩ ይመስላል። እኔ ብዙም አልወደውም። የደቀቀ አገዳ መሬት ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ፀሐይ አያሳልፍም፤ ዝናብና ንፋስ ሲመጣ ይንሳፈፍና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይከማቻል። ቆሞ የቀረ አገዳ ግን በመካከሉ ብርሃን ያስገባል፣ አየር ያዘዋውራል፣ በረዶውንም ይይዛል። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢተውለት በመስመሩ መካከል ያለው አፈር በእርግጥ ፀሐይ ያያል። መዝሪያዎ በአምናው መስመሮች መካከል እንዲሄድ ያድርጉ። ለጎማዎ ግን ይጠንቀቁ፤ የዛሬ ዘመን የበቆሎ ጉቶ እንደ ችካል ነው፣ ጎማ ይበሳል። ብዙ ሰው ከጎማው ፊት ጉቶውን የሚያስተኛ ብረት የሚያስገጥመው ለዚህ ነው።

የስንዴው ክፍል ቀላል ይመስላል፤ ሳያስቡት የሚያታልለውም እሱ ነው። ገለባው ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ የመዝሪያው ዲስክ ከመቁረጥ ይልቅ አጥፎ ትልሙ ውስጥ ይከተዋል። ዘሩ የታጠፈው ገለባ ላይ ይቀመጣል። አፈሩን አይነካም። መሬቱን ሲገልጡት በ«ቪ» ቅርጽ የተጎነበሰ ገለባ፣ ከላዩ እንደ እንቁላል የተቀመጠ ዘር ያያሉ። ግማሽ ውሃ ጠጥቶ ግማሹን የሚጠብቅ ዘር ነው ያ፣ ለሻጋታ የተሰናዳ። መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። ዲስኩ ስለት ይኑረው፤ 38 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተገዛ ዲስክ ከ37 በታች ሲወርድ ይቀየራል። ሁለቱ ዲስኮች ከፊት ተነካክተው ይሂዱ፤ ከሁለቱም አቅጣጫ ወረቀት ቢያስገቡ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የሚቀረው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሦስተኛው የሚዘሩበት ሰዓት ነው። ጠዋት ጤዛ የነካው ገለባ እንደ ክር ይታጠፋል፤ ከሰዓት በኋላ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ዲስኩ ይቆርጠዋል። ስንዴው ክፍል ላይ ጠዋት ጠዋት ቡናዎን ይጠጡ፤ ሥራው ከሰዓት ይጀመር።

ከዲስኩ ፊት የሚገጠሙት ባለ ጥርስ ጎማዎች፣ መስመሩን የሚጠርጉት፣ በቀዝቃዛ አፈር ላይ ከማረሻ ይበልጣሉ እላለሁ። ሰፊ ማሳን ማሞቅ አያስፈልግም፤ ዘሩ ያለባት ጠባብ ጭረት ከሞቀች በቂ ናት። ስህተቱ ሰዎች በጣም ዝቅ አድርገው ሲያስሯቸው ነው። አገዳውን ገለል ማድረግ እንጂ አፈር መቆፈር የለባቸውም። አልፎ አልፎ መሽከርከራቸውን ቢያቆሙ እንኳ ልክ ናቸው። አፈር ከቆፈሩ ቦይ ይሠራሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ዘሩ ውሃ ውስጥ ይተኛል። ጥልቀቱ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጥልቀቱን ሲለኩ ከአፈሩ እንጂ ከአገዳው አናት እንዳይጀምሩ።

«እሺ፣ ግን የግድ ማረስ ካለብኝስ?» ይሉኝ ይሆናል። ሊኖር ይችላል። ኮምባይነሩ በእርጥብ መሬት ገብቶ ጎማው ትልም ቆፍሮ ከሄደ ያ ቦታ መስተካከል አለበት። መዝሪያዎ አሮጌና ቀላል ሆኖ አገዳ መቁረጥ ካቃተውም እንደዚሁ። ያኔም ቢሆን ገልባጩ አይደለም የሚወጣው። ገልባጭ ማረሻ መሬቱን እርቃኑን ነው የሚያስቀረው፤ ቺዝል የሚባለው፣ አፈሩን ሳይገለብጥ በጥርሶቹ የሚሰነጥቀው ማረሻ ግን፣ እንደ ጥርሱ ቅርጽ ከአገዳው ግማሽ ገደማ ላይ ላዩን ይተዋል። ከመሬቱ 30 በመቶው ብቻ እንኳ ተሸፍኖ ቢቆይ የአፈር መሸርሸሩ ባዶ ከሆነው መሬት በግማሽና ከዚያም በላይ ይቀንሳል። ስንት በመቶ እንደሆነ በዓይን ግምት አይሆንም፤ ሁሉም ሰው ያበዛዋል። በ30 ሜትር ገመድ ላይ 100 ቦታ ምልክት ያድርጉ፣ ለመስመሩ በሰያፍ ይዘርጉት፣ ስንቱ ምልክት ስር አገዳ እንዳለ ይቁጠሩ። ያ ቁጥር ራሱ መቶኛው ነው።

ጊዜው ከዓይነቱ ይበልጣል። ማረስ ካለበት ከአጨዳ በኋላ፣ መሬቱ በቅዝቃዜ ሳይጠጥር፣ አፈሩ ደረቅ ሳለ ይታረስ። ከዚያ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እየሆነ እየቀለጠ ጓሉን ያፈራርሰዋል። በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ ልክ ከመዝራት በፊት ሸክላን መከስከስ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው።

እኔም ወድቄበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው «መሬቴ ረጥቧል፣ ልከስክሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ አየር ይግባው፣ ቶሎ ይደርቃል» አልኩት። እውነት ነው፣ ከላይ አምስት ሴንቲ ሜትሩ ደረቀ። በሳምንቱ ዘራ። ቡቃያውም አማረ፣ እኔም ኮራሁ። በአበባ ወቅት ግን ሰብሉ መቀጨጭ ጀመረ። አንዱን ነቅለን አየነው። ዋናው ስር 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ጎን ሄዷል። መከስከሻው እርጥቡን አፈር አለስልሶ እንደ ተመረገ ግድግዳ አድርጎት ነበር። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አልተናገረኝም። ከዚያ በኋላ ግን እኔ መከስከሻው የሚደርስበትን ጥልቀት ድረስ ቆፍሬ አፈር ሳልጨብጥ «ከስክስ» ብዬ አላውቅም። ጨብጠው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲገፉት እንደ ጥብጣብ የሚረዝም ከሆነ ማሽን አይገባም። ከተፈረካከሰ ይገባል።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የሰቅ እርሻ ነው። ከአጨዳ በኋላ፣ ዘሩ የሚያርፍባትን 20 ሴንቲ ሜትር የምትሰፋ ሰቅ ብቻ ማረስና የቀረውን በአገዳው መተው ነው። ሰቋ ትንሽ ከፍ ብላ ስለምትቀር ቀድማ ትጠነፍፋለች፣ ቀድማ ትሞቃለች። ለበቆሎ ድንቅ ነው። ለአኩሪ አተር ግን አንድ ችግር አለበት። ሰቅ የሚሠራው በሰፊ መስመር ነው፣ ብዙ ጊዜ 76 ሴንቲ ሜትር። በቀዝቃዛ ቦታ አኩሪ አተር አጭርና ፈጣን ስለሆነ ሰፊ መስመርን በቅጠል ለመዝጋት ጊዜ አይበቃውም። በ38 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በጠበበ መስመር ቢዘራ ብርሃኑን በደንብ ይይዛል፣ አረሙንም ያፍናል። መሣሪያው አስቀድሞ ካለዎት ይጠቀሙበት፤ ለአኩሪ አተር ብለው ግን እንዳይገዙት።

የአገዳውን ጥፋትም ሳልደብቅ ልንገርዎት። ትልቁ ውርጭ ነው። የበቆሎ ማደጊያ ጫፍ ለሳምንታት ከመሬት በታች ተደብቆ ይቆያል። የአኩሪ አተር ግን እንደበቀለ ከመሬት በላይ ነው። ባዶ ጥቁር መሬት ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ለቡቃያው ይለግሰዋል። አገዳ ይህን ይከለክላል፤ ስለዚህ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው አየር፣ ወፍራም አገዳ ያለበት ማሳ የበለጠ ሊመታ ይችላል። በጣም ቀድሞ መዝራት በአገዳ ላይ የማይመከረው ለዚህም ነው። ከተመታ ደግሞ ተቻኩለው በድጋሚ እንዳይዘሩ። አምስት ቀን ይጠብቁ፤ ከዘር ቅጠሎቹ ብብት አዲስ ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል።

ሌላው ቀንድ አውጣ ነው፣ ያ ቅርፊት የሌለው። እርጥብ ገለባ ስር ይራባል፣ ቡቃያ ይበላል። ሁሉ ቦታ አይገኝም፤ ካለብዎት ግን መስመሩን መጥረግ ይረዳል።

ብስባሹን በተመለከተ፣ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የሚባሉት ተዋህስያን፣ የመጀመሪያው ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞቅ ያለና እርጥብ አፈር ያገኙ እንደሆነ፣ ዘሩንም ቡቃያውንም ይጨርሳሉ። ሁለቱም የሚወዱት ውሃውን ነው፤ ስለዚህ ማጠንፈፍና እነሱን የሚከላከል መድኃኒት የተቀባ ዘር መግዛት ዋናው መፍትሔ ነው። ነጭ ሻጋታ ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በተቃራኒ ነው። የአይጥ ኩስ የሚያካክሉ ጥቁር እንክብሎች አፈር ላይ ይጥላል። «ቀብሬ ላጥፋው» ብለው ካረሱ እንክብሎቹ በጥልቀት ለዓመታት ሳይሞቱ ይቆያሉ፤ የሚቀጥለው እርሻ መልሶ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። ላይ ላዩን ቢተዉ ግን ፀሐይ፣ ዝናብና ሌሎች ተዋህስያን ቀስ በቀስ ይጨርሷቸዋል።

አረሙን ግን ማሽን ስለማይገድልልዎት ንጹሕ መሬት ላይ መጀመር አለብዎት። ከመዝራት በፊት የበቀለው ሁሉ መጥፋት አለበት። እዚህ ላይ መዘናጋት የለም፤ ያለ እርሻ የተዘራ አኩሪ አተር ሲከሽፍ ካየኋቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የናይትሮጅን ሠሪው ባክቴሪያም በቅዝቃዜ ይለግማል። የስር ዞኑ ከ17 ዲግሪ በታች ሲሆን እብጠቶቹ በጣም ይዘገያሉ፣ ቡቃያውም ለጥቂት ሳምንታት ገርጥቶ ሊያስደነግጥዎ ይችላል። ማሳው አኩሪ አተር ተዘርቶበት የማያውቅ ከሆነ ባክቴሪያውን ዘሩ ላይም ትልሙ ውስጥም ይጨምሩ። ናይትሮጅን ማዳበሪያ ግን እንዳይጨምሩ፤ ሰነፍ ያደርገዋል።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን ዘንድሮ የማደርገው ይህ ነው። በቆሎው ክፍል ላይ አገዳውን ሳልነካ፣ መስመር መጥረጊያ ገጥሜ፣ በአምናው መስመሮች መካከል እዘራለሁ። ቅሪቱ የተከመረበትን ቦታ ብቻ እበትናለሁ። የዘሩን መጠን 10 በመቶ ያህል ከፍ አደርጋለሁ። የስንዴውን ክፍል ከሰዓት በኋላ ብቻ እዘራለሁ፣ በየሰዓቱ ወርጄ ትልሙን በጣቴ እየገለጥኩ። ውሃ የሚተኛበትን ጥግ መጨረሻ ላይ እተወዋለሁ፤ ካልደረቀ ዘንድሮ ባይዘራም ቅር አይለኝም። ጎረቤቶችዎ ስላሳሰቡዎት ደግሞ አንድ የመዝሪያ ስፋት ያላት ሰቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቺዝል ያርሱ፣ አፈሩ ሲፈረካከስ ብቻ። ሁለቱን በአንድ ቀን ይዝሩ። በሦስተኛው ሳምንት ቡቃያውን ይቁጠሩ፣ ሲታጨድ ለየብቻ ይመዝኑት።

አኩሪ አተሩ ከታጨደ በኋላ ደግሞ መሬቱን እንዳይነኩት። ቅሪቱ ትንሽና ተሰባሪ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል፤ አፈሩንም ልል አድርጎት ይሄዳል። ዝናብና ንፋስ መሬት የሚወስዱት ከአኩሪ አተር በፊት ባለው ዓመት አይደለም፣ ከእሱ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በአገዳው ላይ ለማውጣት ያመነቱት ማረሻ እዚያ ላይ ከወጣ ጉዳቱ ይብሳል። ቀኑ ከቀረልዎት ከአጨዳው ኋላ ኋላ እየተከተሉ ራይ የሚባለውን የስንዴ ዘመድ ይበትኑበት። በረዶው ሲቀልጥ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቅዎታል፣ የተረፈውንም ውሃ ይመጥልዎታል። በላዩ በቆሎ ሊዘሩ ካሰቡ ግን ከመዝራትዎ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመው ያጥፉት።